የሸጊቱ ቁልል

ደባርቅ ገበያ እህል የሚሸምት ሰው ሸጊቱን የሚያውቃት በቁልሏ ነው። ሌሎቹ ነጋዴዎች ቁናውን ሞልተው አፉን በመዳፋቸው ጠረግ ሲያደርጉት፣ እሷ ገብሱ እንደ ጎጆ ጣሪያ እስኪሾል ትጨምራለች። ጥቂት ፍሬ ተንሸራቶ ሸራው ላይ ሲፈስ ያን ጊዜ «አሁን ሞላ» ትላለች። ቁናው በሚዛን ከተተካ በኋላም ቢሆን አመሏ አልለቀቃትም፤ ኪሎው ልክ ሲመጣ አንድ እፍኝ ጣል ካላደረገችበት እጇ አያርፍም። ባሏ አለምነህ ጡረታ የወጣ የሂሳብ መምህር ነው። ይቺ እፍኝ በሠላሳ ዓመት ስንት ኩንታል እንደምትሆን አንድ ቀን ሊያሰላ ተቀምጦ፣ መልሱን ሲያየው ወረቀቱን ቀዶ ጣለው፤ ትዳሩን የሚወድ ሰው ነው።

ጠባዩን የወረሰችው ከእናቷ ነው። እናቷ በዳባት ገጠር ሲኖሩ መንገደኛ የሚሸኙት ኮዳውን እስከ አፉ፣ ስልቻውን እስከ ማሰሪያው ሞልተው ነበር። ጎደል ያለ ነገር ይዞ የወጣ ሰው መንገዱም ይጎድልበታል ብለው ያምኑ ነበርና፣ ሸጊቱም ነገሩን ሳትመረምረው አደገችበት። በቤቷ ጎደሎ ጄሪካን አይቀመጥም። እንግዳ ጠላውን ፉት ብሎ ጣሳውን ሳያስቀምጥ ማንቆርቆሪያው ይከተለዋል። አለምነህ ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጋር ሲጫወት «እኔ ቤት አንድ ጣሳ ብቻ ጠጥቶ መሄድ አይቻልም፤ የት ላይ እንዳለቀ አይታወቅማ» ይላል።

ሸጊቱ በዚህ ዓለም የማትችለው ሁለት ነገር ነበር፤ አንዱ ጎደሎ ማየት፣ ሌላው ሊማሊሞን መውረድ።

የሁለተኛው ምክንያት የታወቀ ነው። በሃያ ስድስት ዓመቷ ገብስ በጫነ አይሱዙ ወደ ዛሪማ ስትወርድ፣ ገና ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ የተቃጠለ ጎማ የሚመስል ሽታ መጣ። ሾፌሩ ፍሬኑን ይረግጣል፤ እግሩ እስከ ወለሉ ይወርዳል፤ መኪናው ግን መንገዱን ቀጥሏል። ሾፌሩ ልባም ሰው ነበርና ወደ ተራራው ወገን አስጠግቶ ጎኑን ከድንጋዩ ጋር እያፋጨ አቆመው። የሞተ የለም። የረዳቱ ክንድ ተሰበረ፣ ገብሱም መንገዱ ላይ ተበተነ። ሸጊቱ ከጋቢናው ወርዳ፣ አቧራዋን ሳታራግፍ፣ ፊቷን ወደ ደባርቅ መልሳ በእግሯ ወጣች። ከዚያ ቀን ወዲህ በሌላ ሰው እጅ ያንን ቁልቁለት አልወረደችም።

ይህ እንደ ቀልድ ሆኖ ሊቀር ይችል ነበር፤ ዳሩ ግን እህቷ ጥበብ የምትኖረው እታች ነው። ጥበብ የሸጊቱ ታናሽ ናት። ዓዲ አርቃይ አግብታ፣ ወልዳ፣ እዚያው ቀርታለች። በየዓመቱ ለጥምቀት ሎሚና ሰሊጥ ተሸክማ ትመጣና ሁለት ሳምንት ሰንብታ ትመለስ ነበር፤ መንገዱ ተዘግቶ በከረመባቸው ዓመታት ብቻ ቀረች። ከስድስት ዓመት በፊት ግን ልቧ ታመመ። ሐኪሙ መድኃኒቱን ከሰጣት በኋላ «ከእንግዲህ ደጋ እንዳትወጪ፤ ከፍታው ለልብሽ አይሆንም» አላት። ከዚያ ወዲህ እህትማማቾቹ የሚገናኙት በስልክ ሆነ። በምስል ሊነጋገሩ ሲሞክሩ ኔትወርኩ ጥበብን ሳቋ መካከል ላይ ያቆማታል፤ አፏ እንደተከፈተ ትቀራለች፣ ድምፅዋ ብቻ ይቀጥላል። ሸጊቱ ይህን ስለምትጠላ በድምፅ ብቻ ይሁን አለች።

ሁለት ጊዜ ልትወርድ ሞክራለች። የመጀመሪያውን ጊዜ አውቶቡስ ተሳፍራ አፋፉ ላይ ሲደርሱ «ወራጅ አለ» አለች። ረዳቱ ግራና ቀኝ ገደሉን አይቶ «እትዬ፣ እዚህ ማን ቤት ሊወርዱ ነው?» ሲላት ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች፣ ወረደችም። በሁለተኛው ዓመት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ዐይኗን ጨፍና ለማለፍ ቆርጣ ነበር፤ አፋፉን ግን ሞተሩ ድምፁን ሲለውጥ በጆሮዋ አወቀችውና አሁንም ወረደች። በሁለቱም ጊዜ ጥበብ ዶሮ አርዳ፣ ጠላ ጠምቃ፣ ቤቷን በቄጠማ ጎዝጉዛ ስትጠብቅ ነበር። ወጡን ጎረቤት በላው። ከሁለተኛው በኋላ ጥበብ በስልክ «አይዞሽ እታለም፣ ልብሽ መጥቷል፤ ይበቃኛል» አለቻትና ከዚያ ወዲህ መቼ ትመጫለሽ ብላ ጠይቃት አታውቅም። ሸጊቱን የጎዳት ይህ አለመጠየቋ ነው።

ባለፈው ክረምት ጥበብ ሆስፒታል ተኝታ ወጣች። ከዚያ በኋላ ድምፅዋ ተለወጠ፤ አንድ ነገር ተናግራ ወደሚቀጥለው ለመሻገር ቆም ብላ ትተነፍሳለች። ሸጊቱ ስልኩን ዘግታ ለአለምነህ «በራሴ እጅ እወርዳለሁ» አለችው። አለምነህ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ሚስቱ ሃምሳ አራት ዓመቷ እንደሆነ፣ መሪ ጨብጣ እንደማታውቅ፣ መኪናም እንደሌላቸው በቅደም ተከተል ነገራት። እሷም በቅደም ተከተል ፈታችው፤ መንጃ ፈቃዱን ጎንደር ዘመድ ቤት ሰንብታ አወጣች፣ መኪናውን ለመግዛት ከሁለቱ የእህል መጋዘኖቿ አንደኛውን ሸጠች፣ ዕድሜውን ግን ምንም ልታደርገው ስላልቻለች ተወችው።

ቁልቁለቱን ያስተማሯት ጋሼ አገኘሁ ናቸው። ሃያ ዓመት በሊማሊሞ ጭነት ሲያመላልሱ የኖሩ፣ አሁን ጉልበታቸውን ይዘው ቤት የዋሉ ሰው ናቸው። በሰው መኪና ከጎኗ ተቀምጠው በደባርቅ ዙሪያ ባለው ዳገትና ቁልቁለት ሲያለማምዷት አንድ ነገር ብቻ ደጋገሙላት።

«በምትወጪበት ማርሽ ውረጂ። ፍሬን ለማቆሚያ ነው የተሠራ፤ ስትወርጂ የሚይዝሽ ማርሹ ነው። የያኔው ልጅ ይህን ቢያውቅ ገብስሽ አይበተንም ነበር።»

ሸጊቱ ይህን እንደ ዳዊት ያዘችው። ችግሩ የመጣው መኪና መግዛት ሲጀመር ነው። አዲስ የሚገባው መኪና ሁሉ ኤሌክትሪክ ሆኗል፤ አሮጌውን እንግዛ ቢባል ደግሞ ቤንዚን ሰልፍ ላይ የሚያድረውን ሰው ሸጊቱ በየቀኑ ታየዋለች። ጋሼ አገኘሁ የኤሌክትሪኩ መኪና ማርሽ እንደሌለው ሲሰሙ ከዘራቸውን መሬት ላይ መታ መታ አደረጉና «እንግዲያ ምን ሊይዝሽ ነው?» አሏት።

ሸጊቱ ይህን ጥያቄ እንደያዘች ከአለምነህ ጋር ጎንደር ወረደች። መኪና መሸጫው ውስጥ ቃለ አብ የሚባል ሸሚዙን አሳምሮ የለበሰ ወጣት ተቀበላቸው። ሁለት መኪና ነበር ለእነሱ አቅም የሚሆን፤ አንዷ ነጭ፣ ረዘም ያለች፣ ውስጧ ትልቅ ስክሪን ያላት፤ ሌላዋ ግራጫ፣ አጠር ያለች፣ ከመሬት ግን ከፍ ያለች። ቃለ አብ ነጯ በአንድ ሙሊት አምስት መቶ፣ ግራጫዋ አራት መቶ ኪሎ ሜትር እንደሚሄዱ ነገራቸው። አለምነህ ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ።

«ወረቀቱ ላይ ነው አራት መቶ» አለ አለምነህ። «ብርዱ አለ፣ ዳገቱ አለ፣ ጭነቱ አለ። ሁለት መቶ ሰማንያ ብለን እንያዝ። ደባርቅ ዓዲ አርቃይ ደርሶ መልስ መቶ ስድሳ ቢሆን ነው። ከዚያ መቶ ሃያ ይተርፋል፤ መብራት ቢጠፋም አያሰጋም።»

«ለመውጣቱማ ምንም አይበሉ፤ ዳገት ላይ ከነዳጁ መኪና ይበልጣሉ» አለ ቃለ አብ።

«ስለመውጣቱ ማን ጠየቀህ ልጄ?» አለች ሸጊቱ። «ሲወርድ ምን ይይዘዋል?»

ቃለ አብ እዚያ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም። ደንበኛ ሁሉ የሚጠይቀው ስለ ዳገት፣ ስለ ፍጥነት፣ ስለ ስክሪን ነው። ልጁ ግን ሥራውን የሚያውቅ ነበር። «ሪጄን የሚባል አለ እትዬ» አላት። «እግርዎን ከመርገጫው ሲያነሡ፣ ጎማውን የሚያሽከረክረው ሞተር ራሱ ተገላቢጦሽ ይሆንና መኪናዋን ይይዛታል። በመያዙ የሚያገኘውን ኃይል ደግሞ ወደ ባትሪው ይመልሰዋል። ስለዚህ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ብዙም አይፈልጉትም፤ ባትሪውም ይሞላል።»

«እየወረደች ትሞላለች?»

«አዎ እትዬ።»

«ልጓም ነዋ ያላት» አለች ሸጊቱ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙ ልጓም ሆነ፤ ሪጄን ያለው ቃለ አብ ብቻ ነው።

መሞከሪያ ሲባል ሌላው ሰው በፒያሳ ዞሮ ይመለሳል። ሸጊቱ ጎሃ ተራራ ውሰደኝ አለች። ቃለ አብ እሷ እንዳዘዘችው ሁለቱን መኪኖች ተራ በተራ አናቱ ላይ አወጣላት፤ እሷ ደግሞ ወደ ከተማው የሚወስደውን ጠመዝማዛ ቁልቁለት እግሯን አንሥታ ወረደች። ነጯ ለስለስ አድርጋ ያዘችና መልሳ ለቀቅ ታደርጋለች፤ ሸጊቱ ሦስት ጊዜ ፍሬን ረገጠች። ግራጫዋ ልጓሟ ጠንከር ያለው ላይ ሲደረግ በቅሎ ውኃ አይታ እንደምትቆመው ቀጥ አለች። ከአናት እስከ እግር ፍሬን ሳትነካ ወረደች። አለምነህ ከኋላ ወንበር ሆኖ የነጯን ትርፍ መቶ ኪሎ ሜትር ሊያስረዳ ሲጀምር፣ «እሱን አንተ በእግርህ ሂድበት» አለችው። ግራጫዋ ተገዛች።

ቃለ አብ ቁልፉን ሲሰጣት አንድ ምክር ጨመረ። «ቤትዎ ሲሞሏት ሰማንያ በመቶ ላይ ያቁሙ እትዬ። ከዚያ አይለፍ። ለባትሪውም ለሌላውም ጥሩ ነው።» ሸጊቱ አንገቷን ነቀነቀች። በሆዷ ግን ቁናውን በመዳፉ እንደሚጠርግ ነጋዴ አየችው። ሰማንያ ማለት ሃያ የጎደለው ነው፤ ከፍለው የገዙትን ዕቃ አጉድለው ይጠቀሙበት የሚል ነጋዴ ገጥሟት አያውቅም። «ለሌላውም» ያለው ምን እንደሆነ አልጠየቀችም።

ደባርቅ ሲመለሱ ዋሴ የሚባለው የሰፈሩ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ከቆጣሪው ለብቻው ወፍራም ገመድ ሳበላቸው። ማታ የተሰካች መኪና ጠዋት ትደርሳለች፤ መብራት ከጠፋ ደግሞ ከነገ ወዲያ። ጎንደር ፈጥኖ የሚሞላ ጣቢያ አለ፣ ደባርቅ ግን የለም፤ ዓዲ አርቃይም ያለው የጥበብ ቤት ሶኬት ብቻ ነው። አለምነህ በዚያ ሶኬት ለመሙላት ሁለት ሌሊት እንደሚፈጅ አስልቶ በሐዘን ነገራት። ሸጊቱ ይህን ስትሰማ ደስ አላት። ሁለት ሌሊት እህቷ ዘንድ የምታድርበት ምክንያት በሂሳብ ተረጋገጠላት።

ለሦስት ወር ዳባትና ጎንደር ተመላለሰች። አለምነህ ሰማንያዋን ይጠብቅ ስለነበር መኪናዋ አንድ ቀን እንኳ ከዚያ አላለፈችም፤ ሸጊቱም በየቁልቁለቱ እግሯን ስታነሣ ልጓሙ አንድ ቀን እንኳ አልከዳትም። እጇ ተፍታታ። ለጥበብም ደውላ «በሚመጣው ረቡዕ እመጣለሁ» አለቻት። ጥበብ «እሺ እታለም» ብቻ አለች።

የዋዜማው ዕለት አለምነህ በጊዜ ተኛ። ሸጊቱ ስንቁን ቋጠረች፤ በሶው እስከ ማሰሪያው፣ ኮዳው እስከ አፉ፣ ለጥበብ የሚሄደው ነጭ ገብስ ስልቻውን ወጥሮ። ከዚያ መኪናዋን አየቻትና በሰማንያ ልትወጣ እንደሆነ አሰበች። ለጎንደርስ ይሁን፤ እህቷን ለማየት፣ ያውም በዚያ መንገድ፣ ሃያ የጎደለው ይዛ ልትወጣ አልቻለችም። ማቆሚያውን መቶ ላይ አደረገችው። ሲነጋ ስክሪኑ ላይ መቶ የሚለውን አይታ አማተበች፤ ለአለምነህም አልነገረችውም።

ከደባርቅ እስከ አፋፉ መንገዱ ቅርብ ነው፤ ፀሐይዋ ገና ሞቅ እያለች ነበር። ጥቂት ጭላዳዎች ከአስፋልቱ ዳር ሣር እየነጩ ቀና ብለው አዩአቸው። አለምነህ ቀበቶውን አስሮ፣ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ፈተና እንደሚጠብቅ ተማሪ ተቀምጧል። ወራጅ አለ ያለችበትን ቦታ አለፉ። ሸጊቱ በልቧ «አለፍኩት» አለች። መንገዱ አፍንጫውን ወደ ታች ሲደፋ፣ እንደለመደችው እግሯን አነሣች።

መኪናዋ አልያዘችም። ከመያዝ ይልቅ ፍጥነት ጨመረች። ስክሪኑ ላይ ብጫ ጽሑፍ በራ። ሸጊቱ እግሯን እንደገና ረገጥ አድርጋ አነሣች፤ ምንም የለም፤ መታጠፊያው እየቀረበ ነው። ከሃያ ስምንት ዓመት በፊት የሸተታት ሽታ አፍንጫዋ ውስጥ ተነሣ፤ ምንም የሚቃጠል ነገር ሳይኖር ሸተታት። ፍሬኑን ረገጠች። ፍሬኑ ያዘ፤ እንደ ድሮው ሾፌርም ወደ ተራራው ወገን አስጠግታ፣ የእጅ ፍሬኑን ስባ፣ አቆመች። ከዚያ በሩን ከፍታ ወጣችና መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ፈርታ ነበር፤ ከፍርሃቷ ይልቅ ግን ያንገበገባት ኀፍረቱ ነው። ለሦስተኛ ጊዜ እዚሁ አፋፍ ላይ ወርዳለች፤ አሁን ደግሞ ከገዛ መኪናዋ።

አለምነህ መኪናው ውስጥ ቀርቶ ብጫውን ጽሑፍ እየተንተባተበ አነበበው። እንግሊዝኛው ከባድ አልነበረም፤ ልጓሙ ለጊዜው አይሠራም ነው የሚለው። ቀጥሎ ከጽሑፉ ጎን ያለውን ቁጥር አየ። «ሸጊቱ» አላት በመስኮቱ፣ «ይቺ ዘጠና ዘጠኝ ምንድን ናት?» ሸጊቱ ፊቷን ወደ ገደሉ መለሰች። አለምነህም አልደገመም፤ ስልኩን አቀበላት።

ቃለ አብ ገና የመሸጫውን በር እየከፈተ ነበር። የሆነውን ነገረችው።

«ባትሪው ስንት ላይ ነው እትዬ?»

«ዘጠና ዘጠኝ።»

ልጁ በትሕትና መለሰላት። «ሰማንያ ብዬዎት ነበር እኮ። ሲወርዱ ሞተሩ የሚያገኘውን ኃይል የሚያስቀምጠው ባትሪው ውስጥ አይደል? ሞልቶ ከጠበቀው ማስቀመጫ የለውም። ማስቀመጫ ካጣ መያዙን ይተዋል። ፍሬንዎ ደኅና ነው፣ በእሱ ቀስ ብለው መውረድ ይችላሉ።»

ሸጊቱ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ቁናዋ ታያት። ሞልታ፣ ቆልላ፣ ሌላ እፍኝ ስትጨምርበት ገብሱ በሁሉም ጎን ተንሸራቶ ሸራው ላይ ሲፈስ። ያን የሚፈሰውን ፍሬ እንደ ቸርነት ነበር የምታየው፤ ቁናው አልቀበልም ማለቱ መሆኑን ሠላሳ ዓመት ሙሉ አስባው አታውቅም።

«በፍሬን አልወርድም» አለች። «ሰማንያ እንድትሆን ምን ላድርግ?»

«መንዳት ነው እንጂ ሌላ ምን አለው እትዬ። ዳባት ደርሰው ቢመለሱ ይቀንሳል። ማሞቂያውንም ይክፈቱት።»

ከመዞራቸው በፊት ለጥበብ ደወለች። መዋሸት አልፈለገችም። «ጥበቤ፣ አፋፉ ላይ ነኝ። ወደ ኋላ ልመለስ ነው፤ የምመለሰው ግን ልመጣ ነው» አለቻት። ይህን ስትናገር ለራሷም እንዴት እንደሚሰማ ታወቃት። በስልኩ ውስጥ የእህቷ ትንፋሽ ተሰማ፤ አንድ፣ ሁለት። «እሺ እታለም» አለች ጥበብ፤ «እንዳትደክሚ ብቻ።» በድምፅዋ ውስጥ ቅሬታ አልነበረም። ቅሬታ ቢኖር ይሻላት ነበር።

እንዲህ ሆኖ ሸጊቱና አለምነህ በደጋው ማለዳ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፍተው፣ ላብ በላብ ሆነው፣ ወደ ዳባት ገሰገሱ። ዳገት ሲያገኙ ደስ ይላቸዋል። መንገድ ዳር የቆመ ሰው ባዩ ቁጥር ቆመው ይጭናሉ፤ ክብደት ስለሚጠቅም ነው። ዳባት ላይ ዞረው ሲመለሱ ጤና ጣቢያው ፊት ለፊት ሁለት ቄስና ከነበጓ የቆመች አንዲት ሴትዮ ጫኑ። ቄሶቹ ስለ ቸርነቷ መርቀዋት ሲያበቁ፣ በዚህ ብርድ እሳት የሚያህል ሙቀት ስለምን እንዳስፈለገ አንደኛው ጠየቋት። «ጎደል እንድትልልኝ ነው አባ» አለቻቸው። ቄሱ ምንም አልገባቸውም፤ ግን አሜን አሉ።

ደባርቅ ሲደርሱ ሰማንያ አራት ሆነ። አለምነህ «ይበቃል፣ ሰማንያ አራትም ቦታ አለው» አለ። ሸጊቱ እምቢ አለች። ተሳፋሪዎቹን አውርዳ፣ አስፋልቱን ከዳር እስከ ዳር ስትመላለስ ጋሼ አገኘሁ በራቸው ላይ ቆመው ሦስት ጊዜ ስታልፍ አዩአት፤ በአራተኛው ከዘራቸውን አንሥተው አስቆሟት።

«ምን ጠፍቶብሽ ነው?»

«ሁለት ቀርቶኛል ጋሼ። ሰማንያ ሁለት ላይ ነኝ።»

«ሊጨመርልሽ ነው?»

«ሊቀነስልኝ።»

ጋሼ አገኘሁ የሚያውቋት ሴት ይህችው መሆኗን ለማረጋገጥ ጎንበስ ብለው በመስኮቱ አዩአት። ከዚያ ከዘራቸውን ዝቅ አድርገው አሳለፏት።

አፋፉ ላይ እንደገና ሲደርሱ ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። ስክሪኑ ሰማንያ ይላል፣ ከፍ ዝቅ የለውም። ሸጊቱ አልቆመችም፤ ብትቆም ከመኪናዋ እንደምትወርድ ታውቃለች። መንገዱ ሲደፋ እግሯን አነሣች። መኪናዋ ያዘች። ከወገቧ ላይ አንድ ሰው በነጠላ እንደጠመጠማትና ወደ ኋላ እንደሳባት ሆኖ ተሰማት፤ ሳታስበው ዐይኗ እንባ አቀረረ። «ሰማንያ» አለ አለምነህ። ሁለት መታጠፊያ አለፉ። «ሰማንያ አንድ» አለ። ጭነት መኪና እያጓራ ሲመጣባቸው ጠርዟን ሰጥታ አሳለፈችው። «ሰማንያ ሁለት።» በእያንዳንዱ ቁጥር መካከል የሚተነፍሰው እሱ ነበር።

አይሱዙው ጎኑን የፈገፈገበትን ድንጋይ ትፈልገው ነበር፤ አዲሱ አስፋልት ሲሠራ ተነሥቶ ይሁን፣ ወይ መንገዱ ተዛውሮ ይሁን አላየችውም። የቆላው ሙቀት ወደ መስኮቱ እየወጣ ሲመጣ ነጠላዋን አወለቀች። ዛሪማ ሲደርሱ ስክሪኑ ሰማንያ አምስት ይላል፤ ፍሬኑን የረገጠችው ለፍየሎች ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ እንደማንኛውም መንገድ ነው፤ ሽቅብና ቁልቁል እያለ ወደ ዓዲ አርቃይ ይሄዳል።

የጥበብን ቤት አይታው አታውቅም ነበር። ሰው እየጠየቁ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብሎ ካለ ግራር አጠገብ አገኙት። ጥበብ ደጃፏ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። መኪና ሲቆም ቀና ብላ አየች፤ መልሳ ወደ ሰፌዷ አቀረቀረች፤ የሷ እንግዳ አልመሰላትም። ሸጊቱ በሩን ከፍታ ስትወርድ ነው ሰፌዱ ከጭኗ ላይ የተንሸራተተው። ምስሩ መሬት ላይ ተበተነ። ሁለቱም አላነሡትም።

ተቃቅፈው ብዙ ቆዩ። ጥበብ ከስታለች፤ ትከሻዋ በነጠላዋ ውስጥ እንደ ልጅ ትከሻ ሆኗል። ለሸጊቱ ይህን ስልኩ ነግሯት አያውቅም። አለምነህ ስልቻውን ከኋላ አውርዶ፣ ምን ማድረግ እንዳለበት ስላላወቀ፣ ምስሩን አንድ በአንድ ይለቅም ጀመር።

ቤት ገቡ። ቄጠማ አልተጎዘጎዘም። ምድጃው ቀዝቅዟል፤ የጠላው ጋን ባዶውን በአፉ ተደፍቶ ከጥግ ተቀምጧል፤ ማሰሮዎቹ ታጥበው ተደርድረዋል። ሁለት ጊዜ አርዳ፣ ጠምቃ፣ ጎዝጉዛ የጠበቀችው ጥበብ በዚህ ሦስተኛው ቀን ምንም አላዘጋጀችም። ሸጊቱ ዞር ዞር ብላ አየች፤ ጥበብም ስታያት አየቻት። ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች።

«አልመጣሽም ብዬ ነው እታለም» አለች። ቆም ብላ ተነፈሰች። «እናታችን ብታይ ምን ትለኛለች? ጎደሎ ቤት መጣሽብኝ።»

ሸጊቱ ከእህቷ አጠገብ መደቡ ላይ ተቀመጠች። ከመኪናው ይዛው የገባችውን ኮዳ አንሥታ ከውኃው ለጥበብ ቀዳችላት፤ ጣሳው ግማሽ ሲደርስ እጇን አቆመች።

«ጎደሎ ባይሆን አልደርስም ነበር» አለች።

አለምነህ ከበሩ ላይ ምስሩን በእፍኙ ይዞ ስለ ሰማንያው ሊያስረዳ አፉን ከፈተ፤ ሸጊቱ በዐይኗ አስቆመችው። ጥበብ ነገሩን እህት ለእህት የምትናገረው የማጽናኛ ቃል አድርጋ ወሰደችውና ፊቷን ገለጠች። ጣሳውን ተቀብላ ጠጣች።